ርካሽ የድምፅ መቅጃ መግዛት ያዋጣል ወይ?

አዘጋጅ፦ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ ከ7ኛ ለ

በዚህ እትም የማቀርብላችሁ ትምህርታዊ ጽሑፍ ክበባችንን ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያጨቃጭቅ ስለከረመ ነገር ነው። ጥያቄው አጭር ነው። ባለችን ትንሽ ገንዘብ ርካሽ ማይክ ብንገዛ ገንዘባችንን ውኃ ይበላዋል ወይስ ይጠቅመናል? መልሱ ግን አጭር አልሆነልኝም።

መጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። ደወል የሚደውሉልን አባባ በሰኔ መጨረሻ ጡረታ እንደሚወጡ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ከዚያ በኋላ መንዝ፣ ዘመዶቻቸው ዘንድ ይሄዳሉ። እሳቸው ሲሄዱ ደግሞ በእረፍት ሰዓት በር ላይ ቆመው የሚያወሩልን ተረትና ጨዋታ አብሯቸው ይሄዳል። ትምህርት ቤታችን አራት ክፍል ብቻ በነበረው ጊዜ ምን ይመስል እንደነበረ፣ ደወላችን የሆነው ቸርኬ ከየትኛው መኪና እንደተፈታ፣ ከአጥሩ ሥር ያሉትን ጽዶች እነማን እንደተከሏቸው ከእሳቸው በቀር በደንብ የሚያውቅ የለም። ዳይሬክተራችንን ጠይቄያቸው «እኔም የሰማሁት ከእሳቸው ነው» ብለውኛል። ስለዚህ ክበባችን ድምፃቸውን ቀድቶ ለማስቀረት ወሰነ።

በሚያዝያ ወር በ450 ብር ደረት ላይ የምትሰካ ትንሽ ማይክ ገዛን። ገንዘቡ በወላጆች በዓል ቀን ቆሎ ሸጠን ያገኘነው ነው። ማይኳን አባባ ካፖርት ላይ ሰካን፣ ሽቦዋን ስልኩ ላይ ሰካን፣ ስልኩን ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተትን። አርባ ደቂቃ ሙሉ አወሩልን። እንዲያውም ከዚያ በፊት ነግረውን የማያውቁትን አንድ ታሪክ ጨመሩልን። ከዚያ ሁላችንም ክበባችን ክፍል ገብተን ከፈትነው። የሰማነው ምን መሰላችሁ? ሽርርር፣ ሽርርር፣ ቅጭል ቅጭል። የካፖርቱ ጨርቅና የቁልፎቻቸው ድምፅ ነው። አባባ ከሩቅ፣ ጉድጓድ ውስጥ ሆነው የሚያወሩ ይመስላሉ። ከአርባው ደቂቃ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንኳን ለይተን መስማት አልቻልንም። አንዷ አባላችን አለቀሰች። እኔም ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

ከዚያማ ጭቅጭቁ ተጀመረ። ግማሹ «ርካሽ ዕቃ ገዝተን ነው፣ የእስቱዲዮ ማይክ ይገዛ» አለ። ሌላው «ከመጀመሪያውም ስልክ ይበቃ ነበር» አለ። ገንዘብ ያዣችን ደግሞ የቀረችው 1,850 ብር ስለሆነች ማንም እንዳይነካት አለች። የክበባችን ተጠሪ መምህር ነገሩን ሰምተው «ሳታጠኑ አትግዙ፣ ሳታጠኑም አትከልክሉ» አሉንና ጥናቱ ለእኔና ለሁለት ጓደኞቼ ተሰጠን። ቲቸር ሳይንስም ረዱን። እንግዲህ ያገኘነው ይኸው።

ማይክ ሥራው ምንድን ነው?

ድምፅ የአየር ንዝረት ነው። ስንናገር ጉሮሯችን ይንቀጠቀጣል፣ አየሩም አብሮ ይንቀጠቀጣል። እጃችሁን ጉሮሯችሁ ላይ አድርጋችሁ «እምምም» ብትሉ ይሰማችኋል። ይህ ንዝረት በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። የአየሩ ሙቀት 20 ዲግሪ ሲሆን 343 ሜትር ይሆናል፣ 0 ዲግሪ ሲሆን ደግሞ 331 ሜትር። ስለዚህ በእኛ በደብረ ብርሃን ጠዋት ብርድ ላይ የደወሉ ድምፅ ከቀትሩ ትንሽ ቀስ ብሎ ነው የሚደርሰን። (ለማርፈድ ግን ምክንያት አይሆንም። ሞክሬዋለሁ።)

ማይክ ውስጥ በጣም ስስ ሽፋን አለ። የሚንቀጠቀጠው አየር ሲመታው እሱም ይንቀጠቀጣል፣ ማይኩም ያንን እንቅስቃሴ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። ልዩነቱ አለዋወጡ ላይ ነው።

በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት የምንናገርበት፣ የታዋቂ ፋብሪካ ስም በአንድ ፊደል ተሳስቶ የተጻፈበት ማይካችን ዳይናሚክ ይባላል። ስሱ ሽፋን ላይ የሽቦ ጥቅልል አለ፣ ጥቅልሉ ማግኔት አጠገብ ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ጠንካራ ነው። ወድቆ ተነስቶ ይሠራል፣ የእኛው ምስክር ነው። ግን የሚያወጣው ኤሌክትሪክ በጣም ትንሽ ስለሆነ አምፕሊፋየር ይፈልጋል፣ ስልክ ላይ በቀጥታ ብትሰኩት አይሆንም።

ሁለተኛው ኮንደንሰር ነው። የእስቱዲዮ ማይክ እየተባለ የሚሸጠው ትልቁ ማለት ነው። በጣም ንቁ ነው፣ ሹክሹክታም ይሰማል። ነገር ግን ብዙዎቹ እንዲሠሩ 48 ቮልት ኤሌክትሪክ ከውጭ ይፈልጋሉ። ስልክ በማይክ ቀዳዳው የሚሰጠው ሁለት ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ሻጩ ማይኩን ብቻ ይሸጥላችሁና ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ሚክሰር ለብቻ ትገዛላችሁ። ይህን ስንሰማ የእስቱዲዮ ማይክ ይገዛ ያሉት ልጆች ትንሽ ዝም አሉ።

ሦስተኛው ኤሌክትሬት ይባላል። እኛን የሚመለከተው ይሄኛው ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ማግኔት መግነጢሱን ይዞ እንደሚኖር ሁሉ ኤሌክትሬት የሚባለው ስስ ፕላስቲክ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሙሉን ይዞ ይኖራል። ስለዚህ 48 ቮልት ከውጭ አይፈልግም፣ ስልክ የሚሰጠው ሁለት ቮልት ይበቃዋል። ይህን ማይክ እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካ ውስጥ ቤል ላብስ በሚባለው የምርምር ቦታ የሠሩት ጄምስ ዌስትና ጌርሃርድ ሴስለር ናቸው። ጄምስ ዌስት ጥቁር አሜሪካዊ ሲሆኑ ልጅ ሳሉ የጠገኑትን ሬዲዮ ሲሰኩ ኤሌክትሪክ ይዟቸው እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል። እኔ ብሆን ሁለተኛ ሬዲዮ አልነካም ነበር። እሳቸው ግን ለምን እንደያዛቸው ለማወቅ ፈለጉ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በዓለም ላይ የተሠራው አብዛኛው ማይክ፣ በቴፕም በስልክም በጆሮ መስሚያም ውስጥ ያለው፣ ኤሌክትሬት ሆነ። የርካሿ ማይካችን ሆድ ውስጥ ያለውም እሱ ነው።

ይህ ለምን አስፈላጊ ሆነ? ማይኩ ርካሽ የሆነው የተበላሸ ስለሆነ አይደለም ለማለት ነው። ውስጡ ያለው ነገር ራሱ በብዛት ስለሚመረት ርካሽ ነው። ርካሹ ማይክ ከውዱ የሚያንሰው ሽቦው ስስ ስለሆነና አንገቱ ላይ ቶሎ ስለሚበጠስ፣ መቆንጠጫው ስለሚላላ፣ ዝም ስንልም ከበስተኋላ ትንሽ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ስለሚያሰማ ነው። ሽሽታው እውነት ነው፣ አልክድም። ግን አባባ ሲናገሩ ሽሽታው ከድምፃቸው ሥር ይደበቃል።

ጆሯችን ያታልለናል

አሁን ዋናው ነገር ጋ ደረስን። ክፍል ውስጥ ጓደኛችሁ ሁለት ሜትር ርቆ ሲያወራችሁ በደንብ ትሰሙታላችሁ አይደል? ያንኑ ንግግር እናንተ የተቀመጣችሁበት ቦታ ስልክ አስቀምጣችሁ ብትቀዱት ግን ጓደኛችሁ በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚያወራ ይመስላል። እኔ ይሄ የስልኩ ጥፋት ይመስለኝ ነበር። አይደለም። አእምሯችን የሚፈልገውን ድምፅ እየመረጠ የማይፈልገውን ይተወዋል። ማይክ መምረጥ አያውቅም። የጓደኛችሁን ድምፅ፣ ከግድግዳው ነጥሮ የተመለሰውን ድምፅ፣ አስፋልቱ ላይ ወደ ደሴ የሚያልፈውን ሲኖትራክ፣ ቆርቆሮው ላይ የምትሄደውን ቁራ ሁሉንም እኩል ይቀበላል።

የነጠረው ድምፅ ጉዳይ ሒሳብ አለው። ክፍላችን ርዝመቱ 8 ሜትር ነው (በሜትር ለክተነዋል)። ድምፅ ሄዶ ሲመለስ 16 ሜትር ይሆናል። 16 ለ340 ሲካፈል 0.047 ሰከንድ ይመጣል። ስለዚህ አንዷን ቃል ተናግረን ሳንጨርስ የራሷ ጥላ ከግድግዳው ተመልሳ ትደርስባታለች። ያውም አንዴ አይደለም፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ባዶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ደጋግማ ነው የምትመላለሰው። በርሜል የሚያስመስለው ይሄ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? መቅረብ! ድምፅ ከምንጩ እየራቀ ሲሄድ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ይሳሳል። ርቀቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን የሚደርሰን የድምፅ ኃይል አራተኛው ብቻ ይሆናል። በተቃራኒው፣ አንድ ሜትር ርቆ የነበረውን ማይክ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ማለት አንድ ስንዝር ገደማ ብናቀርበው ርቀቱ አምስት ጊዜ ያንሳል፣ ከአፍ በቀጥታ የሚደርሰው ኃይል ደግሞ አምስት ሲባዛ በአምስት 25 እጥፍ ይሆናል። ከግድግዳው የሚነጥረው ድምፅ ግን ብዙም አይጨምርም። ስለዚህ ንግግሩ ከጥላው በላይ ይሆናል። ይህን ያህል ለውጥ በነፃ የሚሰጥ ዕቃ ገበያ ላይ የለም። አንዳንድ ልጅ ግን ይህን ሰምቶ ማይኩን ከንፈሩ ላይ ይለጥፈዋል። ያኔ «ፐ» እና «ጰ» ሲል ትንፋሹ ቦም ቦም ይላል። ስንዝር ብያለሁ፣ ስንዝር።

የደረት ማይክ ጥቅሙ እንግዲህ እዚህ ጋ ነው። ሰውየው አንገቱን ቢያዞር፣ እጁን ቢያወራጭ ማይኩ ከአገጩ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ አብሮት ይኖራል። አባባ ሲያወሩ ደግሞ ጅቡንም አህያውንም ሆነው ነው የሚያወሩት፣ ስልክ አፋቸው ሥር ይዘን ልንከተላቸው አንችልም።

ሙከራችን

ወሬ ብቻ እንዳይሆን ሙከራ ሠራን። አንዲት አባላችን ከአማርኛ መጽሐፋችን አንድ ገጽ አምስት ጊዜ አነበበች። «ሀ» ባዶ ክፍል ውስጥ፣ ስልኩ አንድ ሜትር ርቆ። «ለ» የመጻሕፍት ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ስልኩ አንድ ስንዝር ላይ፣ ዙሪያውን ብርድ ልብስ ተሰቅሎ። «ሐ» ባዶ ክፍል ውስጥ በ450 ብሯ ማይክ። «መ» ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በብርድ ልብሱ መካከል፣ በዚያችው ማይክ። «ሠ» ደግሞ ሠርግ ቪዲዮ የሚሠራ አንድ ጎረቤታችን ከነሚክሰሩ ባዋሰን ትልቅ ኮንደንሰር፣ ባዶ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ሜትር ርቆ።

ከዚያ ለ12 የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች የትኛው በምን እንደተቀዳ ሳንነግራቸው አሰማናቸው። ሰባቱ «መ» ይሻላል አሉ። አራቱ «ለ» አሉ። አንዱ «ሐ» አለ። ከሁሉም ውድ የሆነውን «ሠ»ን የመረጠ አንድም ልጅ የለም! ጎረቤታችን ራሱ ሲሰማው ሳቀና «እኔም እኮ ባዶ አዳራሽ ውስጥ አልቀዳበትም» አለን። በእርግጥ 12 ልጅ ትንሽ ነው። አንባቢዋም አራተኛው ላይ ስትደርስ ምንባቡን ለምዳው የተሻለ አንብባ ሊሆን ይችላል፣ ይህን የተናገረችው ቲቸር ሳይንስ ሳትሆን ራሷ ናት። ደግሞ ኮንደንሰሩን ዕቃ ቤት ውስጥ አላስገባነውም፣ ጎረቤታችን ሥራ ስለነበረው ቶሎ ወሰደው። ቢገባ ምናልባት ሁሉንም ያሸንፍ ነበር። ቢሆንም የስልኩ «ለ» የትልቁን ማይክ «ሠ» ማሸነፉ ይበቃኛል።

ስለ ብርድ ልብሱ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ልጆች ነን፣ ብርድ ልብስ ከሌላ ከተማ ልጆች በላይ ሊገባን ይገባል። ወፍራምና ጸጉራም ጨርቅ ድምፅ ገብቶበት ክሩ መካከል ይደክማል፣ ነጥሮ አይመለስም። የመንዝ ባና ከሆነማ የተሻለ ነው። ዕቃ ቤቱን የመረጥነውም መደርደሪያው በመጻሕፍት የተሞላ ስለሆነ ነው፣ መጽሐፍም ድምፅ ይበትናል። ነገር ግን ብርድ ልብስ ከውጭ የሚመጣውን የሲኖትራክ ጉርምርምታ አያስቆምም። ለእሱ መድኃኒቱ ሰዓት መምረጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እንኳን ማይክ እኛም አንሰማማም። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ብለን ወሰንን።

ታዲያ የመጀመሪያው ለምን ተበላሸ?

ይህን ጥያቄ እናንተም እንደያዛችሁት አውቃለሁ። ማይኳ ደህና ከሆነች የአባባ አርባ ደቂቃ የት ሄደ?

ያገኘችው ጓደኛዬ ናት። ስልኩ እየቀዳ እያለ የማይኳን አናት በጥፍሯ ጫር ጫር አደረገች። መልሰን ስንሰማ ምንም የለም። የስልኩን የታችኛውን ጫፍ ስትጭር ግን ኸርርር አለ። ማይኳ ተሰክታለች እንጂ ስልኩ የሚቀዳው በራሱ ማይክ ነበር፣ ያውም ኪስ ውስጥ ሆኖ! ምክንያቱ ጃኳ ነው። የስልክ ማይክ ጃክ ላይ ሦስት ጥቁር ቀለበቶች አሉ። የእኛዋ ሁለት ብቻ ናት ያላት፣ ለካሜራና ለኮምፒዩተር የምትሠራ ዓይነት። ስልኩ እሷን ሲያያት የጆሮ ማዳመጫ የተሰካበት ይመስለውና የራሱን ማይክ ይከፍታል። መፍትሔው በ150 ብር የምትሸጥ አጭር ማስተላለፊያ ሽቦ ናት። 150 ብር! ለሷ ብለን ነው 1,850 ብር ልናወጣ የነበረው።

ሻጩ ቢነግረን ምን ነበረበት እላለሁ። ግን እኛም «ለስልክ ነው» ብለን አልጠየቅንም፣ ገዝተን ሮጥን። ደግሞም አሥር ሰከንድ ቀድተን ብንሰማ ኖሮ ያን ጊዜውኑ እናውቀው ነበር። አርባ ደቂቃ የቀዳነው አንድም ጊዜ ሳንሰማ ነው። አሁን ክበባችን ሕግ አውጥቷል፦ ማይኩን ጫር፣ አሥር ሰከንድ ቅዳ፣ ስማ፣ ከዚያ ጀምር።

ሌላው የስልኩ አቀዳድ ነው። አንዳንድ ስልክ፣ በተለይ አሮጌው፣ ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ድምፁን በሰከንድ 8,000 ጊዜ ብቻ ነው የሚለካው። ጥሩ ለመቅዳት ግን 44,100 ጊዜ ያስፈልጋል። የሰው ጆሮ እስከ 20,000 የሚደርስ ንዝረት ይሰማል፣ ያንን ለመያዝ ደግሞ ከሁለት እጥፍ በላይ መለካት አለበት፣ ቁጥሩ የመጣው ከዚያ ነው። በ8,000 ሲሆን «ሰ» እና «ፈ» ይመሳሰላሉ። «ቢላው ሰላ» እና «ውኃው ፈላ» የሚሉትን በአሮጌ ስልክ ቀድታችሁ ሞክሩት። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ከፍተኛውን ጥራት መምረጥ ገንዘብ አያስወጣም፣ ቦታ ግን ይበላል። አስልቼዋለሁ። እያንዳንዷ ልክ 2 ባይት ብትወስድ በሰከንድ 88,200፣ በደቂቃ 5.3 ሜጋ ባይት ገደማ፣ በአርባ ደቂቃ 212 ሜጋ ባይት ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ሚሞሪ ያስፈልጋል። ፍላይት ሞድ ማድረግም አትርሱ፣ መሀል ላይ ስልክ ቢደወል ጉድ ነው።

ያለ ሽቦ የሚሠሩት ሁለት ሁለት ሆነው የሚሸጡት ማይኮችስ? ያምራሉ። ግን ባትሪያቸው መሀል ላይ ያልቃል፣ አንዳንዶቹም ጫጫታ እንቀንሳለን እያሉ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ድምፅ ይውጣሉ። አባባ ደግሞ ተረቱ ሊያልቅ ሲል ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። እኔ ለዚህ ሥራ ሽቦ ያለውን እመርጣለሁ።

ስለዚህ እንግዛ ወይስ አንግዛ?

በስብሰባው ላይ አንድ አባላችን «ጥሩ ዕቃ እስክንገዛ ብንጠብቅስ? በመጥፎ ዕቃ ከምንቀዳ ቢቀር ይሻላል» አለ። ያኔ የኅብረተሰብ መምህራችን የነገሩን ታሪክ ትዝ አለኝ። ኤዲሰን ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1877 ነው። ከዚያ ሃያ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ከአድዋ ድል ጥቂት ዓመት ዘግይቶ፣ አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ መልእክታቸውን በሰም ላይ በድምፅ ቀድተው ልከዋል። ከዚያ በፊት ንግሥቲቱ ለአፄ ምኒልክ የላኩት የድምፅ መልእክት ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ታዝዞ ጠፍቷል። የእኛዎቹ ግን እስከ ዛሬ አለ። እንደዛሬ ስልክ የጠራ አይደለም፣ ይንኮሻኮሻል። ቢሆንም የምኒልክ ድምፅ ነው። ጥሩ ዕቃ እስኪመጣ ይጠበቅ ቢባል ኖሮ አይኖረንም ነበር። አባባም እስከ ሰኔ መጨረሻ ብቻ ናቸው፣ ለእስቱዲዮ ማይክ 4,800 ብር እስክናጠራቅም አይጠብቁንም።

ስለዚህ እኔ ያቀረብኩት ሐሳብ ይህ ነበር። ርካሽ ዕቃ የሚያዋጣው ማይኩን ወደ አፍ የሚያቀርብልን ከሆነ ነው። ሩቅ ቆሞ በጥራት ይሰማል ተብሎ የሚሸጥ ርካሽ ዕቃ ግን አያዋጣም፣ በእኛ ክፍል ውስጥ ውዱም አይሰማም። የደረት ማይክ አለችን፣ ሁለተኛ አንገዛም። ማስተላለፊያዋን እንግዛ፣ ሚሞሪ እንግዛ፣ የቀረው ይቀመጥ። ለነፋስ የሚሆን ጸጉራም መሸፈኛ ሱቅ ውስጥ አለ፣ ግን ጣት የምታህል የበግ ለምድ ቁራጭ ማይኳ አናት ላይ አስረን ግቢ ውስጥ ስንሞክራት ነፋሱን ከለከለችው። በግ እኛ አገር ሞልቷል። ገንዘብ ያዣችን ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ አጨበጨበችልኝ።

ድምፅ ተሰጠና በአብላጫ አለፈ። ማስተላለፊያዋና ሚሞሪው 620 ብር ወሰዱ፣ 1,230 ብር ቀርቶናል።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አባባን ዕቃ ቤት ውስጥ አስቀመጥናቸው። ከኋላቸውና ከግራ ከቀኛቸው ብርድ ልብስ በገመድ ሰቀልን። «ልጆች፣ ልታስተኙኝ ነው?» አሉ። ካፖርታቸውን አውልቀው ጋቢ ለበሱ፣ ቁልፎቹን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። ጫር አደረግን፣ አሥር ሰከንድ ቀዳን፣ ሰማን። ከዚያ ያንን የጠፋብንን ታሪክ እንዲደግሙልን ለመንናቸው። እንደ መጀመሪያው አላወሩትም፣ አንዳንዱን ዘለሉት፣ አዲስም ጨመሩበት። የመጀመሪያው እንግዲህ ቀረ። ይኼኛው ግን ሃያ ስድስት ደቂቃ ሙሉ እያንዳንዷ ቃል ትሰማለች፣ ምራቃቸውን ሲውጡ እንኳን ይሰማል።

መልሰን ስናሰማቸው ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉና «ይሄ እኔ አይደለሁም፣ ወንድሜ ነው» አሉ። ቲቸር ሳይንስ እንደነገሩን ሰው ሲናገር የራሱን ድምፅ በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅሉ አጥንት በኩልም ይሰማዋል፣ አጥንቱ ወፈር ያደርግለታል። ቀረጻ ውስጥ ያ የለም። ስለዚህ ማንም ሰው የተቀዳ ድምፁን ሲሰማ የሌላ ሰው ይመስለዋል። ይህን ስንነግራቸው «እንግዲያስ ወንድሜ ደህና ያወራል» ብለው ሳቁ። ታናሽ ወንድማቸው በሕይወት እንደሌሉ የሰማነው በኋላ ነው።

አባባ ከመሄዳቸው በፊት ሁለት ቅዳሜ ይቀረናል። የደወሉ ቸርኬ ታሪክና የጽዶቹ ታሪክ ገና አልተቀዱም። ሌላ ጥያቄ ያላችሁ እስከ ሐሙስ ድረስ ጽፋችሁ በክበባችን ሳጥን ውስጥ ጨምሩልን። ብርድ ልብስ የምታመጡ ደግሞ ጥጉ ላይ ስማችሁን በክር ስፉበት፣ ባለፈው ሳምንት የሁለት ልጆች ተለዋውጦ እናቶቻቸው መጥተው ነበር።